ምዕራፍ ስድስት፦ ሁለት ጀማሪዎች፣ አንድ ጠረጴዛ

በምዕራፍ ሁለት አእምሯችን የለመደውን ነገር እንዴት ችላ እንደሚል አይተናል። በምዕራፍ አራት ደግሞ ባልና ሚስት የቤቱን ሥራና እውቀት ሳይነጋገሩበት እንዴት እንደሚከፋፈሉ ተመልክተናል። ይህ ምዕራፍ ሁለቱን ያገናኛል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ለብቻቸው በሚወጡበት ምሽት፣ ከለመዱት ካፌ ተቀምጠው ማኪያቶ ከማዘዝ ይልቅ፣ ብሩሽ ይዘው የማያውቁ ሰዎች የሚማሩትን የሥዕል ትምህርት አብረው ቢሞክሩ ምን ያተርፋሉ? እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡባዊ የአሜሪካ ከተሞች የተስፋፋው ይህ ዓይነቱ ምሽት ዛሬ አዲስ አበባም ደርሷል። ለመተዋወቂያ የሚመርጡት ፍቅረኛሞች አሉ፤ ለጋብቻ ቀን መታሰቢያ የሚመርጡትም አሉ። ነገሩ የፋሽን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ምዕራፍ ባላስፈለገው ነበር። የግንኙነት ሥነ ልቦና አጥኚዎች ለዐሥርተ ዓመታት የደከሙበት አንድ ሐሳብ በትንሽ ክፍል ውስጥ ተጠቃሎ ስለሚታይበት ግን ቆም ብሎ ማየቱ ይጠቅማል።

የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ በአጭሩ ይህ ነው። ጥቅሙ የሚመጣው ከሚሳለው ሥዕል ሳይሆን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀማሪ ከመሆናቸው ነው። አብረው ብዙ የኖሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን በግምት ያውቀዋል፤ ግምቱ ብዙ ጊዜ ስለሚሳካም ማየት ይተዋሉ። ሁለቱም የማያውቁት ሥራ ፊት ሲቀርቡ ግምቱ አይሠራም፣ እንደገና መተያየት ግድ ይሆናል። ሥዕል ደግሞ ለዚህ በተለይ የሚመች ሥራ ነው፤ ለምን እንደሚመች ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

የለመዱት መንገድ

ከሞጆ አዳማ በየቀኑ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር እንውሰድ። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ትራፊክ የት እንደሚቆም፣ ተሳፋሪ የት ወራጅ እንደሚል ያውቃል። እጁ ራሱ መሪውን ያዞራል። አዳማ ሲደርስ መንገድ ላይ ምን እንዳየ ቢጠየቅ ምንም አላየሁም ይላል፤ አልዋሸም። አእምሮው የሚመጣውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ለማየት ድካም አላወጣም። ይህ ስንፍና ሳይሆን ቁጠባ ነው። ያው ሾፌር አንድ ቀን ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ በቆቃ አድርጎ ወደ መቂ ይሂድ ቢባል ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ምልክቱን ሁሉ ያነባል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ረዳት መጠየቅ ይጀምራል። በለመደው መንገድ ረዳቱ ሒሳብ ሰብሳቢ ብቻ ነበር፤ በአዲሱ መንገድ ግን ሁለተኛ ዓይኑ ነው።

ትዳርም ከዓመታት በኋላ የለመዱት መንገድ ይሆናል። እሷ ዝም ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እሱ ያውቃል፣ ወይም ያወቀ ይመስለዋል። እሱ ከሥራ ሲመለስ ምን እንደሚል እሷ አስቀድማ ትናገረዋለች። ችግሩ ግምት ከትክክለኛነቱ ይልቅ በራስ መተማመኑ ፈጥኖ ማደጉ ነው። ኬኔት ሳቪትስኪ፣ ቦአዝ ኬይሳር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ባለትዳሮችንና የማይተዋወቁ ሰዎችን ፊት ለፊት ሳይተያዩ አስቀምጠው፣ ሁለት ሦስት ትርጉም ሊሰጡ የሚችሉ የዕለት ተዕለት አባባሎችን እንዲለዋወጡ አደረጉ። «ቤቱ ሞቋል» የሚል ሰው መስኮት ይከፈት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ስለ አየሩ ማውራቱም ሊሆን ይችላል። ባለትዳሮቹ የትዳር ጓደኛቸውን ከማያውቁት ሰው በተሻለ እንደሚረዱ ገምተው ነበር። ውጤቱ ግን ግምታቸውን አልደገፈውም፤ በመረዳት ረገድ ከእንግዶቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ቅርበታቸው የሰጣቸው መረዳትን ሳይሆን የተረዱ የመምሰልን ስሜት ነበር።

በዚህ ላይ የሥራ ክፍፍሉን እንጨምር። ዳንኤል ዌግነር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ትውስታን ጭምር እንደሚከፋፈሉ አሳይቷል፤ የልጁን የክትባት ቀን አንዷ ታስታውሳለች፣ የቤት ኪራይ መክፈያውን አንዱ። ሁለቱ ተደምረው እንደ አንድ ትልቅ አእምሮ ይሠራሉ። ጂቡቲ ደርሶ በሚመለስ የከባድ መኪና ሾፌር ቤት፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ በፈረቃ በሚሠራ ሰው ቤት፣ ከቆዳ ፋብሪካ ወይም ከሽንኩርት ንግድ በሚኖር ቤተሰብ ውስጥ ይህ ክፍፍል የግድ ነው፤ ያለሱ ቤት አይቆምም። ዋጋው ግን አለ። እያንዳንዱ የራሱ ክልል ባለሙያ ይሆንና በሌላው ክልል እንግዳ ይሆናል። በወጥ ቤት ባል ተመልካች፣ በመኪና ጉዳይ ሚስት ተመልካች። ሁለቱም እኩል የማያውቁት፣ ስለዚህም ሁለቱም እኩል የሚጠያየቁበት ቦታ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ይሄዳል።

ይህ መጥበብ የሚያስከትለውን መሰልቸት የተከታተለ ጥናት አለ። አይሪን ፃፔላስ፣ አርተር አሮንና ቴሪ ኦርቡክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት 123 ጥንዶችን በትዳራቸው 7ኛ ዓመትና እንደገና በ16ኛው ዓመት ጠይቀዋል። በ7ኛው ዓመት ትዳሬ አሰልቺ ሆኗል ያሉት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በትዳራቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የተገላቢጦሹ ግን አልታየም፤ በ7ኛው ዓመት እርካታ ማጣት የኋላውን መሰልቸት አልተነበየም። ጠብ ብቻ አይደለም ትዳርን የሚጎዳው፤ ምንም አለመከሰቱም ይጎዳዋል።

ምንጣፍ ላይ የተሳቡት ጥንዶች

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባለቤቱ ኢሌን አሮን ፍቅርን የሚያብራሩበት ሐሳብ ራስን ማስፋት ይባላል። ሰው አዲስ እውቀት፣ አዲስ ችሎታ፣ አዲስ እይታ ማግኘት ይወዳል፤ ፍቅር ሲጀመር የሌላውን ሰው ዓለም በአንድ ጊዜ ስለምናገኝ በፍጥነት የምንሰፋበት ወቅት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጣዕም ከዚህ ፍጥነት ይመጣል። ሁለቱ ከተዋወቁ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ፍቅሩ ስለ ሞተ ሳይሆን አዲስ ነገር ስላለቀ ነው። ይህ እውነት ከሆነ መድኃኒቱም ይታያል፤ ሁለቱ አብረው የሚሰፉበትን አዲስ ነገር መፈለግ።

አሮንና ባልደረቦቹ ይህንን በቤተ ሙከራ ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ጥንዶችን በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት አንድ ላይ አስረው፣ በስፖርት ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ እንዲሄዱ አደረጉ። በሁለቱ አካል መካከል የተጣበቀ ትራስ አለ፤ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፣ በጥርስም ክልክል ነው፣ መሐል ላይ ያለውን መከለያም መሻገር ግዴታ ነው። ሌሎቹ ጥንዶች የተሰጣቸው ግን ኳስ እያንከባለሉ ቀስ ብሎ መሄድ ነበር፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያያል። ሥራው የፈጀው ደቂቃዎችን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ግንኙነታቸው ሲጠየቁ በትራሱ የተሳሳቁት ጥንዶች ከሌሎቹ ይልቅ የግንኙነታቸው ጥራት ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1993 ሻርሎት ሪስማን፣ አርተር አሮንና ሜርሊን በርገን 53 ባለትዳር ጥንዶችን ለ10 ሳምንታት ተከታትለዋል። አንደኛው ቡድን በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ደስ የሚል ግን የተለመደ ነገር እንዲያደርግ፣ ሌላኛው አዲስና የሚያነቃቃ ነገር እንዲያደርግ ተመደበ። የእርካታ ብልጫ ያሳየው ሁለተኛው ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ስውር ነው። ደስ የሚል ምሽትና የሚያሰፋ ምሽት አንድ አይደሉም። ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ መብላት፣ እሑድ ሶደሬ ወርዶ መዋኘት፣ አዳማ ጭማቂ ቤት መቀመጥ ደስ ይላሉ፤ ሰውን ያሳርፋሉም። ለአምስተኛ ጊዜ ሲደረጉ ግን ሾፌሩ የለመደው መንገድ ናቸው። ማን ምን እንደሚያዝ፣ ማን መጀመሪያ ስልኩን እንደሚያወጣ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ይታወቃል። እነዚህን ተዉ የሚል ጥናት የለም፤ የተለመደው ደስታ ብቻውን አዲሱን ነገር አይተካም ማለት ነው።

ለምን ሥዕል?

አዲስ ነገር ከሆነ የሚፈለገው፣ ብስክሌት መማርም ዋና መማርም ያው አይደለም ወይ? በከፊል ነው። ሥዕል ግን አንድ የተለየ ጠባይ አለው፤ የመጀመሪያው ትምህርቱ ራሱ ግምትን ጥሎ ማየት ነው። ስሎ የማያውቅ ሰው የሰው ፊት ሳል ቢባል ዓይንን ከጭንቅላቱ ላይኛው ክፍል ያስቀምጣል። ምክንያቱም ፊት ማለት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ መሆኑን ያውቃል፤ ግንባርና ፀጉር የሚይዙትን ቦታ ግን አያይም። እርሳስ በተዘረጋ እጅ ይዞ በአውራ ጣቱ ቢለካ ዓይን ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ እንደሚገኝ ያገኛል። ይህ ልኬት ጀማሪን ሁሉ ያስደነግጣል፤ ዕድሜ ልኩን ፊት ሲያይ ኖሯልና። ቀለምም እንዲሁ ነው። የባለቤቱን የቆዳ ቀለም ሊቀባ ቡናማውን ከጥቁር ጋር የሚያዋህድ ሰው የሞተ ጭቃ ያገኛል፤ ቀይና ቢጫ ቀላቅሎ ጥቂት ሰማያዊ ሲጨምርበት ግን ሕይወት ያለው ቡናማ ይወጣል፣ ጉንጭ ላይ ቀዩ እንደሚያይል፣ ከአገጭ ሥር ሰማያዊው እንደሚበዛም ያስተውላል።

በምናውቀው ነገር መሳል ስህተት አይደለም፤ ታላቅ ጥበብ ተሠርቶበታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳኑ በሙሉ ፊትና በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በጎን ገጽና በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሠዓሊው ማየት ስላቃተው አይደለም፤ ሥዕሉ ስለ ሰውየው የሚታወቀውን እንዲናገር ስለ ተፈለገ ነው። የጀማሪው ችግር ሌላ ነው፤ የሚያውቀውን እየሳለ የሚያየውን የሳለ ይመስለዋል። ባለትዳሩ ከላይ በተጠቀሰው የ2011 ጥናት የሠራው ስህተትም ከዚህ አይለይም። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ፊት ሲስል የእጅ ሙያ ብቻ አይማርም፤ ለዓመታት በግምት ያለፈውን ፊት ለደቂቃዎች ያለ ግምት ያየዋል።

ይህን በቀጥታ የሚነካ ጥናትም አለ። በአሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ካረን ሜልተንና ማሪያ ቦቻ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሥራ 20 ጥንዶችን በሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን የጠረጴዛ ጨዋታ አጫወቱት፣ ሌላውን የሥዕል ትምህርት አስገቡት። ከምሽቱ በፊትና በኋላ ኦክሲቶሲንን በሽንት ለኩ፤ ኦክሲቶሲን እናት ስታጠባ፣ ሰው ሲተቃቀፍ ሰውነት የሚያመነጨው ከመቀራረብ ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር ነው። ብልጫውን የጠበቁት ከጨዋታው ነበር፣ ጨዋታ መነጋገርን ያስገድዳልና። በሁለቱም ቡድኖች ኦክሲቶሲን መመንጨቱን አዩ፤ በሥዕል ትምህርቱ የነበሩት ወንዶች ግን ከሌሎቹ ሁሉ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ የሚደርስ አመነጩ። ሠዓሊዎቹ ጥንዶች እርስ በርስ የመነካካታቸው መጠንም ከፍ ያለ ነበር። ለብቻው የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ «መሳል አልችልም» ለሚለው ፍርሃት መልስ ይሰጣል። የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲዋ ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በሸክላ ጭቃና በወረቀት የፈለጉትን ሲሠሩ፣ 75 በመቶ ያህሉ ላይ ከውጥረት ጋር የተያያዘው ኮርቲሶል ቀንሷል። ቀድሞ ሥዕል የሚችልና የማይችል መሆን ለውጥ አላመጣም።

ሞጆ ላይ ሲሆን

የሥዕል ትምህርት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው አዲስ አበባ ነው። እውነትም አለው፤ ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እዚያ ነው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወትም እዚያ ነው። ከዚያ በፊት መሳል የሚማረው በአብዛኛው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እግር ሥር ተቀምጦ ነበር። በሁለቱም መንገድ ሥዕል የተሰጥኦና የሙያ ጉዳይ ሆኖ ስለ ቆየ፣ ተራ ሰው ለአንድ ምሽት ብሩሽ ቢይዝ ምን ሊፈይድ ነው የሚያሰኝ ስሜት ትቶልናል። ከሞጆ አዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በፈጣኑ መንገድ ሄዶ መመለስ ይቻላል። ግን የሚያስፈልገው አዳራሹ ሳይሆን አደራረጉ ከሆነ፣ መሄዱም ግዴታ አይደለም።

አደራረጉ አራት ነገር ይፈልጋል። ሁለቱም ጀማሪ ይሁኑ፤ አንዱ ከቻለ ሌላው ተማሪው ይሆንና የቤቱ ክፍፍል ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛ ሰው ያስተምር፤ ይህ አንዱ ሌላውን ከማረም ያድናል፣ በትምህርት ቤት ሥነ ጥበብ የሚያስተምር መምህር ለቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት ጥንዶችን በአንድ ክፍል ሊያስተናግድ ይችላል። ዕቃው ይቅለል፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ወፍራም የሥዕል ወረቀት፣ እርሳስ፣ የተማሪ የውሃ ቀለም፣ ሁለት ብሩሽና ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ አሮጌ ጋዜጣ ይበቃል። ጊዜው አጭር ይሁን፤ በሪስማን ጥናት የነበረው አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። መጠጥ ከፈለጉ ይጨምሩ፣ ጥቅሙ ግን ከእሱ አይመጣም። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው መጀመሪያ ወረቀታቸውን ሳያዩ፣ እርሳሳቸውን ሳያነሡ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ዙሪያ ለአምስት ደቂቃ ይከተሉ። የሚወጣው ነገር የማንንም ፊት አይመስልም፤ ሳቁም እዚያ ይጀምራል። ልኬትና ቀለም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ማስረጃውን ይነካል። ጥናቶቹ በአሜሪካ የተሠሩ ናቸው፣ የቤይለሩ 20 ጥንዶችን ብቻ ይዟል፣ ኦክሲቶሲንን በሽንት መለካትም በባለሙያዎች መካከል ክርክር ያስነሣል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። በዚህ ምክንያት የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ በቤይለሩ ቁጥር ላይ አልቆመም። የቆመው የተለያዩ አጥኚዎች፣ በተለያየ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ባገኙት ተመሳሳይ አቅጣጫ ላይ ነው፤ በቤተ ሙከራ፣ በመጠይቅ፣ ለዓመታት በተከታተለ ጥናት። የሞጆ ጥንዶች ከአሜሪካ ጥንዶች በኑሮ ይለያሉ። የለመደውን ችላ የሚል አእምሮ ግን የሁሉም ነው፤ እንዲያውም በሥራ ምክንያት ተራርቆ የሚኖር ቤተሰብ ክፍፍሉ ስለሚጠነክር ጉዳዩ ይበልጥ ይመለከተዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከይሉኝታ ይመጣል። የልጆች አባትና እናት እንደ ሕፃን ቀለም ሲያቦኩ ሰው ምን ይላል? ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም፤ በትንሽ ከተማ ሰው ይተዋወቃልና። ነገር ግን ይሉኝታ የሚያስፈራን በትክክል ዋጋ ያለው ነገር ነው። በሰው ፊት አለመቻልን ማሳየት ለብዙ ባለትዳር ከባድ ነው፤ በትዳር ጓደኛ ፊትም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይከብዳል፣ የየራሳችንን ክልል አዋቂ ሆነናልና። ሁለቱም እኩል ሲሳሳቱ የሚያፍር አይኖርም። ያም ሆኖ የሌላ ጥንድ ዓይን የሚከብዳቸው በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ቢጀምሩ የሚጎድል ነገር ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይጠነክራል፤ የተጣላ ቤት በሥዕል ይታረቃል ወይ? አይታረቅም። አንዱ ሌላውን የሚንቅበት፣ የሚያስፈራራበት ወይም የሚመታበት ቤት የሚያስፈልገው ሽማግሌ፣ አማካሪ ወይም ሕግ ነው፤ እዚያ ብሩሽ ማቅረብ ጉዳቱን መሸፈን ይሆናል። የማይከባበሩ ሰዎች ሲማሩ መሣለቂያ ያገኛሉ፣ «ይሄ እኔ ነኝ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቤት ሳቅ በሌላ ቤት ጠብ ነው። የዚህ ምዕራፍ መከራከሪያ የሚናገረው ሰላም ስላለው ግን ስለ ደበዘዘ ግንኙነት ነው። ሥዕሎቹን አወዳድሮ አሸናፊ መምረጥም በሰላማዊው ቤት እንኳ ጥቅሙን ያፈርሰዋል፤ ጀማሪነቱን ወደ ውድድር ይለውጠዋልና።

አራተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከመከራከሪያው ይወጣል። አዲስነት ከሆነ የሚሠራው፣ ሥዕሉም በዐሥረኛው ሳምንት የተለመደ አይሆንም ወይ? ይሆናል። አንዷ ጎበዝ ብትወጣ፣ ሌላው ደግሞ ቀለም ቀላቃይ ሆኖ ቢቀር፣ ክፍፍሉ በሥዕሉም ክፍል ውስጥ ይሠራል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉን የወደደችው ትቀጥልበት፤ እንደ ሁለትዮሽ ምሽት ግን ሥራውን ጨርሷል፣ ሁለቱም የማያውቁት ሌላ ነገር ይፈለግ። ምሽቱ መሥራቱን ለማወቅም ሥዕሉን ማየት አያስፈልግም። እያንዳንዳቸው ስለ ሌላው ጠዋት ሊገምቱት የማይችሉትን አንድ ነገር መናገር ከቻሉ ሠርቷል፤ ካልቻሉ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከካፌው ምሽት አልተለየም። በቀጣዩ ምዕራፍ ይህንኑ መለኪያ ይዘን፣ አዲስ ነገር ከማይፈለግበት፣ ግምት ግን ከሁሉም በላይ ከሚጎዳበት ጉዳይ እንገባለን፤ እሱም ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው።